ቦርዱ በራ፤ ሞተሩ ግን አልዞረም

ዛሬ ስለ ዶላር፣ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ቀይ ባሕር አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ የማይዞር ሞተር ነው። «ይሄ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁማ ጉዳዩ የራሳችሁ ነው።

ሳሪስ አካባቢ ባለችን ጠባብ የጥገና ክፍል በር ላይ አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባጃጅ ለሰባት ሳምንት ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ በቱሉ ዲምቱ መስመር የሚሠሩ ሰው ናቸው። የቤንዚን ባጃጃቸውን ሸጠው፣ በላዩ ላይ ብድር ጨምረው ነው ይሄኛውን የገዙት። የነዳጅ ሰልፍ አንገፍግፏቸው ነበር። ስምንት ወር በደንብ ሠሩበት። ክረምት ላይ አንድ ቀን ማታ መንገድ ላይ የተኛ ጎርፍ ሲያቋርጡ ባጃጁ ቀጥ አለ። መብራቱ ይበራል፣ ጡሩምባው ይጮሃል፣ ባትሪውም ሙሉ ነው። ጋዙን ሲሰጡት ግን ምንም የለም።

የተበላሸው ኮንትሮለሩ ነው። ከመቀመጫው ሥር የምትቀመጥ፣ መጽሐፍ የምታህል የአሉሚኒየም ሳጥን ናት። ባትሪው የሚሰጠውን ኃይል ለሞተሩ በልክ በልኩ የምታካፍለው እርሷ ናት። ስንከፍታት ውስጧ በጥቁር ሙጫ ተሞልቷል። ሙጫውን በብዙ ልፋት ስንፍቀው ደግሞ የዋና ዋናዎቹ ቺፖች ቁጥር ሆን ተብሎ ተሞርዷል። ማን ምን እንደሆነ እንዳይታወቅ ማለት ነው።

ባለቤቱ ባጃጁን ወደሸጠላቸው ድርጅት ሄዱ። «ዕቃው የለም፣ ይታዘዛል፣ ሁለት ወር ይፈጃል» ተባሉ። በወሩ ሲመለሱ ያ ሞዴል መቅረቱንና አዲሱ ኮንትሮለር ከእርሳቸው ሞተር ጋር እንደማይሄድ ተነገራቸው። የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ሞዴል አልቀየረም፤ እቁቡም እንደዚያው።

እንግዲህ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ከተመረቀ ሦስት ዓመቱ ነው። «ጋሼ፣ እኛው እንሥራው» አለኝ። አልከለከልኩትም፤ እውነቱን ለመናገር ግን አላመንኩበትም ነበር። ንድፉን በኮምፒውተር ሠራ፣ ባዶ ቦርዱን ቻይና አሳተመ፣ አምስት ፍሬ በአንድ መንገደኛ ሻንጣ መጣልን። አካሎቹን ግማሹን ከመርካቶ፣ ግማሹን ከወዳደቁ ቦርዶች ላይ ለቃቀመ። በሦስተኛው ሳምንት ቦርዱ ተገጣጠመና አረንጓዴዋ መብራት በራች። ሞተሩ ግን አልዞረም።

መጀመሪያ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ምክንያት እርሱ ነውና። ስድስቱን ሞስፌቶች ነቅሎ በአዲስ ቀየራቸው። አልዞረም። ማይክሮ ኮንትሮለሩን ቀየረ። አልዞረም። ከዚያ ፕሮግራሙን እየቀያየረ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ሞከረ። አንዴ ትዕግሥቱ አልቆ ቦርዱን በቀጥታ ከባጃጁ ባትሪ ጋር አገናኘውና ሁለት ሞስፌት ጨሰ። አምስት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 60 ቮልት ሲሆኑ ቀልድ አያውቁም፤ ስህተት ካገኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ቅጽበት ያፈሱበታል።

ልጁን አልወቅሰውም። የተማረው እንደዚያ ነው። እኔም ራሴ ለተወሰኑ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝና የማወራው ከውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚታየው በሠራበት ቀን ነው። መብራቱ በራ፣ ጎማው ዞረ፣ ይጨበጨባል፣ ውጤት ይሰጣል። ያልሠራ ፕሮጀክት ይዞ ቀርቦ፣ ያልሠራበትን ምክንያት በመለኪያ ያሳየ ተማሪ «ኤ» ሲያገኝ አላየሁም። ስለዚህ ተማሪው መሥራት እንጂ ያልሠራውን ነገር መመርመር ሳይማር ይወጣል። ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚጠብቀው ሥራ በአብዛኛው ያልሠራ ነገር ነው።

(በነገራችን ላይ ይህ ቀያይሮ የመሞከር ልማድ የቦርድ ብቻ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራው አልሄድ ሲለው ኃላፊው ይቀየራል፣ ቀጥሎ ስሙ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ሕንፃው። ወረቀቱ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ደርሶ እንደሚቆም የለካ ሰው ግን የለም። ይህን እዚህ ልተወው።)

ሲጨንቀው እኔን ጠራኝ። ሁለት ነገር ነው የጠየቅኩት። አንደኛ፣ ቦርዱ ከ2 አምፔር በላይ ከማይሰጥ የኃይል ምንጭ ጋር ይገናኝ፤ ብንሳሳት እንኳ የሚቃጠል አይኖርም። ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ ምልክቱ ሳይለካ አንድም ዕቃ አይነቀልም።

ከሞተሩ ጀመርን፤ ቦርዱን ስናማ ሞተሩ ራሱ ሞቶ እንዳይሆን። ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ለያይቶ ዘንጉን በእጅ ማዞር፤ ቀልሎ ይዞራል። ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያነካኩ ማዞር፤ አሁን ጭቃ ውስጥ እንደገባ ይከብዳል። በሦስቱም ጥንድ እኩል ከከበደ የሞተሩ ጥቅልል ደህና ነው። የእኛው እኩል ከበደ።

ቀጥሎ ሴንሰሮቹ። ይህ ዓይነት ሞተር እንደ አሻንጉሊት ሞተር ባትሪ ስላስነኩት አይዞርም። ኮንትሮለሩ ኃይሉን በሦስቱ ሽቦዎች በየተራ ማሳለፍ አለበት፤ ተራው የማን እንደሆነ የሚነግሩት ሞተሩ ውስጥ ያሉት ሦስት ሆል ሴንሰሮች ናቸው። እያንዳንዱ ወይ ዜሮ ወይ አንድ ይላል። ሦስት ሲሆኑ ስምንት ዓይነት መልስ ሊኖር ይችላል፤ ደህና ሞተር ግን ስድስቱን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሦስቱም ዜሮ ወይም ሦስቱም አንድ ካሉ የሆነ ቦታ ውሸት አለ ማለት ነው። ዘንጉን ቀስ እያደረግን ስናዞር ሦስቱም ዜሮ የሚሉበት ቦታ አገኘን። ሦስተኛው ሴንሰር ምንጊዜም ዜሮ ነው የሚለው። ሴንሰሩ ግን አልሞተም። እነዚህ ሴንሰሮች መስመሩን ወደ ታች መጎተት እንጂ ወደ ላይ ማንሣት አይችሉም፤ የሚያነሣላቸው ቦርዱ ላይ ያለ ሬዚስተር ነው። የዚያ ሬዚስተር አንዱ እግር ሶልደሩ አልያዘውም ነበር። በዓይን ሲያዩት ያበራል፣ በቴስተር ሲነኩት ግን የለም። ደስ አለን። በሶልደር አስያዝነው፣ አበራነው። ሞተሩ አልዞረም።

ልጁ ተቀመጠ። ባለባጃጁም በዚያ ቀን መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። «ምነው ልጄ፣ እሺ አላለህም?» አሉት። መልስ አልነበረውም።

ኦሲሎስኮፕ ከአንድ ወዳጄ ተዋስን። የኛ አገር ጠጋኝ ቤቶች ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ቴስተር የማያሳየውን ፈጣን ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ የላቸውም። ምልክቱን ከመነሻው ተከተልነው። ማይክሮ ኮንትሮለሩ በ3.3 ቮልት ትእዛዙን በትክክል እያወጣ ነው። ትእዛዙ ሞስፌቶቹን ወደሚያዘው ቺፕ ይገባል፤ ይህ ቺፕ አይአር 2110 የሚባለው ነው፣ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ። ቺፑ 12 ቮልቱን አግኝቷል። ዝጋ የሚለው እግሩም በትክክል ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። መውጫው ላይ ግን ምንም የለም። ይገባል፣ አይወጣም።

«ቺፑ ፎርጅድ ነው ጋሼ፤ የመርካቶ ዕቃ!» አለ ልጁ። ይህን ዓይነት ቅጽበት ልብ በሉልኝ። ፎርጅድ ቺፕ በእርግጥ አለ፤ ስለዚህ ሰበቡ ለጆሮ ይጥማል። ሦስቱም ቺፖች ግን በአንድ ዓይነት መንገድ ዝም ሲሉ ሌባውን ገበያ ሳይሆን ንድፍ ውስጥ መፈለግ ነው የሚሻለው። የቺፑን የመረጃ ሰነድ አውጥተን መስመር በመስመር አነበብን። ችግሩ 9ኛው እግር ላይ ነበር። ቺፑ የሚመጣለትን ትእዛዝ የሚመዝነው በዚህ እግር በሚሰጠው ቮልት ልክ ነው። ልጁ ሁለቱም የኃይል እግሮች ናቸው ብሎ 3ኛውንም 9ኛውንም ከ12 ቮልት ጋር አገናኝቷቸዋል። ስለዚህ ቺፑ «አብራ» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰማው ከ12 ቮልት ግማሹን በደንብ ሲያልፍ ብቻ ነው። ማይክሮ ኮንትሮለሩ ያለው አቅም ደግሞ 3.3 ነው። አንዱ ያንሾካሹካል፣ ሌላው ካልጮሁልኝ አልሰማም ይላል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ስድስት አዲስ ሞስፌትና ሁለት ሌሊት የፈጀው ይህ ነው።

መስመሩን በምላጭ ቆርጠን 9ኛውን እግር በቀጭን ሽቦ ከ3.3 ቮልት ጋር አገናኘነው። ሦስት ቺፕ፣ ሦስት ቁርጥ። አበራነው፤ ሞተሩ አንዴ ነጠር ብሎ ቆመ። ልጁ ጮኸ። ነጠር ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ሬሳ አይነጥርም።

ለምን ቆመ? እዚህ ላይ የላይኞቹ ሞስፌቶች ጣጣ አለ። የላይኛው ሞስፌት በደንብ እንዲከፈት በሩ ላይ ከባትሪው ቮልት በ10 ወይም በ12 የሚበልጥ ያስፈልገዋል። ከባትሪው የሚበልጥ ቮልት ከየት ይመጣል? አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ተሸክማ ታደርሰዋለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ይገባዋል፤ ውሃው ታች ሲመጣ ጀሪካኑን ሞልቶ መውጣት ነው። ካፓሲተሯ የምትሞላው የታችኛው ሞስፌት ሲበራ ብቻ ነው። የልጁ ፕሮግራም ሞተሩ ቆሞ ሳለ የላይኛውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ጀሪካኗ ትደርቃለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይቆማል። ከመነሣቱ በፊት ሦስቱንም የታችኞቹን ለአፍታ እንዲያበራ፣ ከዚያም የላይኛውን መቶ በመቶ ከፍቶ እንዳይተወው ተደረገ። ቀጥሎ ሞተሩ እየጮኸ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሽቦዎቹና የሴንሰሮቹ ተራ አልገጠመም ነበር። የሽቦ ቀለም መተማመኛ አይደለም። ሦስቱን ሽቦዎች የማገናኛ መንገዱ ስድስት ነው፤ በትንሽ አምፔር አንድ በአንድ ሞከርን። አምስተኛው ላይ ሞተሩ እንደ ወፍጮ ሳይሆን እንደ ማራገቢያ ዞረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸውን ሲያሳውቅ ዓለም ጉድ ብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2014 ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይዝና የሱር ታክስ ተነሥቷል፤ ጉምሩኩም ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባው ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ላለቀው 15 በመቶ ሆኗል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ደግሞ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ነዳጅ በዶላር ከመግዛት በራስ ውሃ መንዳት የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ እኔ ተቃዋሚው አይደለሁም። እንዲያውም በእጄ ስለምነካው ከብዙዎቹ ደጋፊዎች በላይ አምንበታለሁ።

ነገር ግን ስለ መኪናው ብዛት ሲወራ እሰማለሁ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ሲወራ እሰማለሁ። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ዋስትናቸው ሲያልቅ የእነዚህን ሁሉ ተሽከርካሪዎች ኮንትሮለር ማን እንደሚጠግን ሲወራ አልሰማሁም። የድሮዋን ላዳ አስቡ። ላዳ በዚህች ከተማ አርባ ዓመት የኖረችው ሩሲያውያን ስለጠበቁልን አይደለም። መርካቶ ያለ ሁሉ ጠጋኝ ሆዷን አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ ነው። ሞተሯን ሲከፍተው ያየዋል፤ የተሞረደ ቁጥር የለውም፣ በጥቁር ሙጫ አልተሞላም። የዛሬው ባጃጅ በአንዲት ሳጥን ምክንያት ከነባትሪው፣ ከነሞተሩ፣ ከነጎማው ቁራሌ ይሆናል። ይህ ከሆነ በነዳጅ ያዳንነውን ዶላር በሳጥን መልሰን መክፈላችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያቺ ሳጥን በብር ስንት እንደሆነች የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እኔ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ተሽከርካሪ አስመጥቶ ከቀረጥ እፎይታው የተጠቀመ ድርጅት የዚያን ሞዴል የሽቦ ንድፍ፣ የሴንሰሮቹን ቅደም ተከተልና የብልሽት ኮዶቹን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስገባ፤ መሥሪያ ቤቱም ለማንኛውም ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ይስጥ። መለዋወጫውንም ለተወሰኑ ዓመታት የማቅረብ ግዴታ ይኑርበት። ይህ ጭራሽ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ መኪና አምራቾች ለራሳቸው ጋራዥ የሚሰጡትን የመመርመሪያ መረጃ ለውጭ ጠጋኝም እንዲሰጡ በድምፁ የወሰነው በ2012 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የመጠገን መብት መመሪያ አውጥቷል። እነርሱ አምራች ሆነው የጠየቁትን እኛ ገዢ ሆነን የማንጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ማበረታቻውስ ለማን ነው? በእኛ አገር የታሰበው ለተሽከርካሪው ነው። 18 ሞስፌትና ሦስት ቺፕ የሚያስመጣ ጠጋኝ በዚያ መመሪያ ውስጥ የት ቦታ እንዳለው ጠይቄ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው። ስለዚህ ዕቃችን በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል፤ ከካልሲና ከሕፃን ወተት ጋር።

አስመጪዎቹ አንድ እውነተኛ መልስ አላቸው፤ አልደብቀውም። «እናንተ በየጓዳው የምትሠሩት ቦርድ ሰው ይገድላል» ይላሉ። ሊገድል ይችላል። ልጁ ሞተሩ በዞረ ማግሥት ባጃጁ ላይ ልግጠመው ሲለኝ የከለከልኩት ለዚህ ነው። የጋዝ እጀታው ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። የመሬቱ ሽቦ ብቻውን ቢበጠስ ምልክቱ ወደ ላይ ይወጣና ኮንትሮለሩ ሹፌሩ ጋዙን እስከ ጫፍ የሰጠ ይመስለዋል። ተሳፋሪ የጫነ ባጃጅ ይህ ሲገጥመው አስቡት። ሽቦውን ሆን ብዬ በጥስኩት፤ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ሞተር እንደ እብድ ፈተለከ። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። አሁን ምልክቱ ከተወሰነ ልክ ካለፈ ቦርዱ ራሱን ይዘጋል፤ ሲነሣም እጀታው ካልተለቀቀ አይነሣም፤ ፍሬን ሲያዝ ኃይሉ ይቋረጣል። ይህን ያወቅነው እኔ ዕድሜ ስላለኝ ነው። ሌላ ጓዳ ውስጥ ያለ ሌላ ልጅ ላያውቀው ይችላል።

መልሱ ግን ልጁን መከልከል አይደለም፤ ከከለከልነው በድብቅ ይሠራዋል። ቦርዱን ይዞ ሄዶ የሚያስፈትሽበት ቦታ ይኑር። ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ሞተር የሚፈተሽበት ጠረጴዛ፣ ኦሲሎስኮፕ፣ የኃይል ምንጭ አላቸው፤ ብዙው ፕላስቲኩ ሳይነሣ ተቆልፎበት ይቀመጣል። አንዳንዱ ቁልፉ የትኛው ንብረት ክፍል እንዳለ እንኳ አይታወቅም። በሳምንት ሁለት ቀን ተከፍቶ፣ ተመጣጣኝ ክፍያ ተከፍሎ፣ «ሽቦው ሲበጠስ ይቆማል፣ ከሞቀ ይዘጋል፣ ውሃ አያስገባም» የሚል ወረቀት ቢሰጥ ባለባጃጁም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ኢንሹራንሱም የሚይዙት ነገር ይኖራቸዋል። ተማሪዎቹ ደግሞ እውነተኛ ያልሠራ ነገር ያያሉ።

የኛን ባጃጅ ታሪክ ልጨርስ። ቦርዱ ተገጥሞ ሳሪስ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ግማሽ ቀን ተነዳ። ባለቤቱ ራሳቸው ነዱት፤ ሲመለሱ ምንም ሳይናገሩ የልጁን ትከሻ ነካ አድርገው ገቡ። ዳገት ላይ ግን ሦስት ሰው ሲጫን ሞስፌቶቹ ይግላሉ፤ በአንድ ቦታ አንድ ሞስፌት አይበቃም፣ ሦስት ሦስት ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ልጁ ንድፉን እንደገና ሠርቶታል፤ በዚህኛው 9ኛው እግር በቦታው ነው። አዲሱ ቦርድና 18ቱ ሞስፌት ከጓንጁ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ናቸው፤ ማክሰኞ ይደርሳል ተብሏል። ባለባጃጁ ከሰኞ ማታ ጀምረው መደወላቸው እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ብድሩ የሚከፈለው ረቡዕ ነው።